ማኅበርተኛ ስለ መሆን

ሰው በሕይወቱ ከሚያጋጥሙት ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ከሩቅ ሲታዩ የገንዘብ ጥያቄ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብለው ሲመረምሯቸው ግን የኅሊና ጥያቄ ሆነው ይገኛሉ። እኔንም ብዙ ወራት እንቅልፍ የነሣኝ ጥያቄ እንዲህ ያለ ነበር። የምኖረው በአሜሪካ አገር በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ ነው። ቀን በአንድ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ፤ ማታ ማታ ደግሞ በልዩ ልዩ ትንንሽ ቴያትር ቤቶች እየተቀጠርሁ በመድረክ ላይ እሠራለሁ። ጥያቄውም «ኤኲቲ» በሚባለው የመድረክ ተዋንያን ማኅበር ልግባ ወይስ ልቅር የሚል ነበር።

ወጣቶች አንባቢዎቼ ምናልባት ተዋንያን አይደላችሁም፤ መድረክ ላይ ለመውጣትም አሳብ የላችሁ ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቀን መምህር ወይም ሐኪም ወይም አናጢ ወይም የባንክ ጸሐፊ ስትሆኑ «ከእኛ ጋር ትገባላችሁን?» የሚል ሰው በራችሁን ማንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ ያሰብሁትንና የሆንሁትን ብነግራችሁ ጊዜያችሁን በከንቱ የወሰድሁባችሁ አይመስለኝም።

እኔ ባደግሁበት በአዲስ አበባ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተዋናዩን እምብዛም አያስጨንቀውም ነበር። በሀገር ፍቅር ወይም በብሔራዊ ቴያትር የተቀጠረ ተዋናይ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ወር ሲደርስ ይቀበላል፤ ቴያትሩ ተመልካች ቢያጣም እርሱ ከሥራው አይባረርም። በአሜሪካ ግን ተዋናይ የቀን ሠራተኛን ይመስላል። አንዱ ቴያትር ሲያልቅ እንደ ገና ሄዶ ይፈተናል፤ ቢመረጥ ይሠራል፤ ባይመረጥ ይቀመጣል።

ኤኲቲ ማለት በእኛ ቋንቋ ርትዕ እንደ ማለት ነው። ማኅበሩ በ1913 ዓመት (የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በኒው ዮርክ ከተማ በ112 ተዋንያን ተመሠረተ። በዚያን ጊዜ ተዋናዩ ለአንድ ቴያትር ብዙ ሳምንት ሲለማመድ ምንም አይከፈለውም ነበር፤ ቴያትሩ ተከፍቶ በሳምንቱ ቢዘጋ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቹም በመድረክ የሚለብሱትን ልብስና የሚጫሙትን ጫማ በገዛ ገንዘባቸው ይገዙ ነበር። ከሁሉ የከፋው ግን በየከተማው ዞረው ሲያሳዩ የሚደርስባቸው መከራ ነው። ገበያ የቀዘቀዘበት ባለቤት የተሰበሰበውን ገንዘብ ይዞ በሌሊት ባቡር ይጠፋል፤ ተዋንያኑም ሲነጋ ከቤታቸው እጅግ ርቀው፣ ለሆቴሉ የሚከፍሉት አጥተው፣ በማያውቁት ከተማ ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ባለቤቶቹ ከማኅበሩ ጋር አንነጋገርም ስላሉ በኦገስት ወር 1919 ተዋንያኑ መድረኩን ለቀው ወጡ። አድማው 30 ቀን ያህል ቆየ፤ ወደ ስምንት ከተሞች ተዛመተ፤ 37 ቴያትሮች ተዘጉ፤ በመጨረሻም ባለቤቶቹ ማኅበሩን ተቀበሉ። የልምምድ ክፍያ በ1930ዎቹ መጣ። የጡረታው ገንዘብ እስኪገኝ ደግሞ እስከ 1960 ድረስ መጠበቅ ነበረበት፤ እርሱም ያለ ሌላ ትግል አልተገኘም።

በዚያ አድማ ጊዜ ከተነሡት ሰዎች ሁሉ አሳቤን የሚይዘው ከተሸናፊዎቹ ወገን የነበረው ጆርጅ ኮኸን ነው። ኮኸን ራሱ ከልጅነቱ ጀምሮ በመድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ፣ ዘፈን ደራሲ፣ ቴያትር ጸሐፊና የቴያትር ባለቤት ነበር። ለሚሠሩለት ተዋንያን ቸር እንደ ነበረ፣ የተቸገረውንም በስውር ይረዳ እንደ ነበረ የሚያውቁት ሁሉ መስክረውለታል። ስለዚህ አድማው በተነሣ ጊዜ ልቡ ቈሰለ። እኔ ምን በደልኋቸው አለ። ከባለቤቶቹ ጋር ቆሞ፣ አድማውን የጠሉትን ተዋንያን ሰብስቦ ሌላ ማኅበር እንዲቋቋም ረዳ፤ የዚያኛው ማኅበር ስም ታማኝነት ማለት ነበርና፣ አድመኞቹ አባሎቹን ስሙን አሳጥረው «ፋይዶ» እያሉ ጠሯቸው፤ ይህም በአሜሪካ ለውሻ የሚወጣ ስም ነው። ኮኸን አድመኞቹ ካሸነፉ ቴያትር ትቼ የሊፍት ሠራተኛ እሆናለሁ ብሎ እንደ ዛተና፣ እነርሱም ለዚያም ሥራ ማኅበር መግባት ሳያስፈልግህ አይቀርም ብለው እንደ ቀለዱበት ይነገራል። እስኪሞት ድረስ፣ ማለት እስከ 1942፣ የኤኲቲ አባል አልሆነም። በ1959 ሐውልቱ በኒው ዮርክ በታይምስ አደባባይ ቆሞለታል፤ በዙሪያው ባሉት በታላላቆቹ ቴያትር ቤቶች ዛሬ የሚሠሩት ተዋንያን ግን የሚሠሩት እርሱ በተቃወመው ማኅበር ውል ነው።

እኔ ኮኸንን መሳቂያ ለማድረግ አይቻለኝም። የርሱ ስሕተት የክፉ ሰው ስሕተት አይደለም፤ የደግ ጌታ ስሕተት ነው። ደግ ጌታ ደግነቱን እንደ ሕግ ይቈጥረዋል፤ «እኔ እያለሁ ሌላ ዋስ ለምን ፈለጉ?» ይላል። ነገር ግን በቸርነት የተሰጠ ነገር ቸሩ ሲሞት ወይም ሲከስር ወይም ሲቈጣ የሚቀር ነገር ነው። ተዋናዩ የጠየቀው ስጦታ ሳይሆን ድርሻውን ነበር። ኮኸን ይህን ልዩነት ሳይረዳው የቀረ ይመስለኛል። እኔም ብሆን በሰውነቴ እስኪደርስብኝ ድረስ አልተረዳሁትም ነበር፤ ደረሰብኝ ማለቴም እንኳ ትክክል አይደለም፤ የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው በአንድ ትንሽ ቴያትር ቤት፣ የማኅበር ውል በሌለበት ሥራ ተቀጥሬ ነበር። ክፍያው ለሰባት ሳምንት ሥራ 300 ዶላር ነው፤ እርሱም ደመወዝ ሳይሆን የመጓጓዣ ገንዘብ ይባላል። የእኔ ድርሻ ደብዳቤ አቀባይ ሆኖ ሁለት ጊዜ ገብቶ መውጣት ነበር። ዋናውን የአባትነት ድርሻ የያዘው በዕድሜ የገፋ አሜሪካዊ ነበረ። አንድ ማታ በልምምድ ላይ ሳለን ከእንጨት የተሠራው ከፍታ ከሥሩ ተንሸራተተና ሰውዬው ወደቀ፤ ቁርጭምጭሚቱም ተሰበረ። የቴያትር ቤቱ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። በገዛ መኪናው ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው፤ አበባ ላከለት፤ ስለርሱ ሲናገርም ዕንባ ይተናነቀው ነበር። ነገር ግን የፈረምናት አንዲት ገጽ ወረቀት ስለ አደጋ የምትለው ቃል ስላልነበራት፣ የሕክምናውን ዕዳ የተሸከመው የወደቀው ሰው ብቻውን ነው። በማግሥቱ ባለቤቱ እኔን ጠርቶ «የአባቱን ድርሻ ትይዛለህን?» አለኝ። እኔም ያዝሁ። ያን ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ በመንገድ ላይ ብቻዬን እየሣቅሁ እንደ ሄድሁ ከእናንተ አልደብቅም።

ከሁለት ቀን በኋላ ሰውዬው ከአልጋው ላይ ሆኖ ስልክ ደወለልኝ። ሊወቅሰኝ መስሎኝ ፈራሁ። እርሱ ግን «በሦስተኛው ገቢር ልጅህን ከቤት ስታባርር አትጩህ፤ ድምፅህን ዝቅ አድርገው፤ የሚያስፈራው እርሱ ነው» ብሎ መከረኝ። እንዳለኝም አደረግሁ። ተመልካቹ በዚያ ቦታ ላይ ትንፋሹን ሲውጥ በየማታው ይሰማኝ ነበር። እንዲያ ያለ ጸጥታ በሰማሁ ቍጥር ግን የሌላ ሰው ልብስ እንደ ለበስሁ ይሰማኝ ጀመር።

ይህ ሁሉ ሆኖ ማኅበር አልገባሁም። ለምን ብባል መልሴ ዝግጁ ነበር፤ በሩ ዝግ ነው። እውነትም ያን ጊዜ ማኅበርተኛ ለመሆን በመጀመሪያ በማኅበሩ ውል የሚቀጥር ቴያትር ቤት ማግኘት ወይም በዕጩነት ብዙ የሥራ ሳምንታት ማጠራቀም ያስፈልግ ነበር፤ እንደዚህ ያሉት ቴያትር ቤቶች ደግሞ አስቀድመው የሚያዩት ማኅበርተኛውን ነው። እኔም ይህን ግፍ እያነሣሁ በየሻይ ቤቱ አማርር ነበር። ማኅበሩ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከውጭ አገር በሚመጡ ተዋንያን ላይ ገደብ አውጥቶ እንደ ነበረ ያነበብሁትንም እጨምርበታለሁ። በ2021 ግን ማኅበሩ ደንቡን ለወጠ። በአሜሪካ ምድር በተዋናይነት ወይም በመድረክ አስተዳዳሪነት ሠርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው ሁሉ መግባት እንዲችል ፈቀደ፤ የቀድሞው ደንብ ነጭ ያልሆኑትን ብዙ ባለሙያዎች በውጭ እንዳስቀረም ራሱ አመነ። የ300 ዶላሩ ደረሰኝ በእጄ ነበር። በሩ ሲከፈት ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር፤ እኔን ግን ከፋኝ። ሰበቤ ጠፍቶብኝ ነበርና። ሰው በተዘጋ በር ፊት ቆሞ ሲያማርር ጻድቅ ሆኖ መኖር ይችላል፤ የሚመረመረው በሩ የተከፈተ ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ምክንያት መፈለግ ጀመርሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት የገንዘቡን ነገር ነው። የመግቢያው ክፍያ ከ1,500 ዶላር በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የዓመት መዋጮና ከሚያገኙት ገንዘብ የሚቈረጥ አለ። ይህ ለእኔ ብዙ ገንዘብ ነው፤ ግን በጥቂት በጥቂቱ ለመክፈል ስለሚቻል ለረጅም ጊዜ አልተደበቅሁበትም። ሁለተኛው ምክንያት ይጠነክራል። አባል የሆነ ተዋናይ ያለ ማኅበሩ ውል ወይም ፈቃድ መሥራት አይችልም፤ ትንንሾቹ ቴያትር ቤቶች ደግሞ የማኅበሩን ደመወዝ መክፈል ስለሚከብዳቸው አባል ያልሆነውን ይመርጣሉ። ከ50,000 ያህሉ አባላት መካከል አብዛኞቹ በማንኛውም ሳምንት በመድረክ ላይ ሥራ የላቸውም። ስለዚህ ገና ሙያውን ያልተማረ ወጣት ቸኵሎ ቢገባ መታወቂያውን በኪሱ ይዞ መድረክ ሊናፍቅ ይችላል። ይህን የሚመክሩ ሽማግሌ ተዋንያን አሉ፤ ምክራቸውም ስንፍና አይደለም። እኔ ግን ወጣት አልነበርሁም፤ ሙያውንም የጀመርሁት ገና አገሬ ሳለሁ ነው። የሌላውን ምክር ለራሴ ፈሪነት መጋረጃ አድርጌ ሰቅየው ነበር።

መጋረጃውን የቀደደው ዐሥር ደቂቃ ነው። በአንድ ቴያትር ቤት ማኅበርተኞችና እንደ እኔ ያልገቡ ተዋንያን በአንድ መድረክ እንሠራ ነበር። በማኅበሩ ደንብ መሠረት ልምምድ ያለ ማቋረጥ መቀጠል አይችልም፤ ከ55 ደቂቃ በኋላ የ5 ደቂቃ፣ ወይም ከ80 ደቂቃ በኋላ የ10 ደቂቃ ዕረፍት ይሰጣል። የመድረኩ አስተዳዳሪ ሰዓቷን አይታ «ዐሥር ደቂቃ!» ስትል አዘጋጁ በንግግሩ መካከልም ቢሆን ያቆማል። ሁላችንም እንወጣለን፤ እኔም ውሃዬን እጠጣለሁ፤ እግሬን እዘረጋለሁ። አንድ ማታ በዚያ ዕረፍት ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ይህን ዐሥር ደቂቃ ማን ገዛው? የሚል ጥያቄ በልቤ ገባ። እኔ አልገዛሁትም። አጠገቤ የተቀመጠችው ማኅበርተኛ መዋጮዋን እየከፈለች ትገዛዋለች፤ ከርሷ በፊት ደግሞ በ1919 ደመወዛቸውን ትተው በመንገድ ላይ የቆሙት ገዝተውታል። እኔ የምጠጣው በነርሱ ሒሳብ ነው።

በአገራችን ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልግም። ዕድር ሳይገባ፣ መዋጮ ሳያዋጣ፣ የሰው ለቅሶ ሳይደርስ የኖረ ሰው፣ የራሱ ዘመድ የሞተ ዕለት የዕድሩ ድንኳን ተተክሎለት፣ በዕድሩ ወንበር ተቀምጦ ንፍሮ ሲዘግን ጎረቤት ምን ይላል? ከፊቱ ምንም አይለውም ይሆናል፤ የኢትዮጵያ ሰው በለቅሶ ላይ አይወቅስምና። ሰውዬው ግን ንፍሮው ከጉሮሮው ይወርድለታልን? «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ እንዲያውም ብዙ ስለ ሰማነው መስማት ትተናል። ተረቱ ስለ ድሩ ኀይል እንጂ፣ እኔ አንዲት ክር ብቀር ምን ይጐዳል ብላ ስለ ቀረችው ክር ምንም አይናገርም። የእኔ ጥያቄ ደግሞ የዚያች ክር ጥያቄ ነበር።

ሕጉ ለቀረችው ክር ደግ ነው። በአሜሪካ ከ1947 ጀምሮ ማኅበርተኛ ያልሆነን ሰው ከመቀጠር መከልከል በሕግ አይፈቀድም። በ1963 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ሠራተኛው ክፍያውን ብቻ ከፍሎ ሙሉ አባል ሳይሆን መኖር እንደሚችል አመለከተ፤ በ1988 ያንኑ ክፍያ ስለ ሠራተኛው ለመደራደር ከሚወጣው ወጪ እንዳያልፍ ወሰነው። ከዋሽንግተን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ በድልድይ ወደ ቨርጂኒያ ለተሻገረ ሰው ሕጉ ከዚህም ይላላል፤ በቨርጂኒያ ከ1947 ጀምሮ ማንንም ሠራተኛ ለማኅበር እንዲከፍል ማስገደድ አይቻልም። እኔ አንዱን ቴያትር በወዲህ ማዶ፣ ሌላውን በወዲያ ማዶ ስለምሠራ ድልድዩን በሳምንት ስንት ጊዜ እሻገራለሁ። ሕጉ በድልድዩ መካከል ሲለወጥ አሳቤም አብሮ ይለወጥ እንደ ሆነ ብዬ ልቤን አዳምጨዋለሁ፤ አልተለወጠም። ሕግ የሚነግረኝ የማልገደድበትን ነው። የሚገባኝን ግን ከሕግ ልማር አልችልም።

አንድ ብርቱ ክርክር ግን ይቀራል፤ ይህንንም ያነሣብኝ ከሁሉ የማከብረው የሙያ ጓደኛዬ ነው። «ለምን ማኅበር ያስፈልግሃል? ኅሊና የለህምን? ግፍ ስታይ ብቻህን ተነሥተህ ተቃወም፤ ከመንጋ ጋር ሆኖ መጮኽ ጀግንነት አይደለም» አለኝ። ይህን ቃል ቀላል አድርጌ ማለፍ አልፈለግሁም። ስመረምረውም መልሱን ያገኘሁት በምኖርበት በዋሽንግተን ታሪክ ውስጥ ነው።

በ1936 «ፖርጊ ኤንድ ቤስ» የሚባለው ኦፔራ በዋሽንግተን በናሽናል ቴያትር ሊታይ መጣ። ዋናውን ድርሻ የያዘው በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጥቁሩ ዘፋኝ ቶድ ደንከን ነበር። ቴያትር ቤቱ ጥቁሮችን ከነጮች ጋር አያስቀምጥም ነበርና፣ ደንከን የራሴ ወገኖች ገብተው በማያዩኝ ቤት አልዘፍንም አለ። ዋና ተዋናይዋ አን ብራውንም አብራው ጸናች። በመጨረሻ ባለቤቶቹ ተሸነፉ፤ ለዚያ ኦፔራ ጥቁሩም ነጩም በፈለገው ወንበር ተቀመጠ። እንግዲህ የጓደኛዬ ቃል እውነት ነው፤ ኅሊና ያለው ሰው ብቻውን ተነሥቶ ታላቅ ቤት ሊያንበረክክ ይችላል። ነገር ግን ኦፔራው ሲያልቅ ደንከን ሄደ፤ ቴያትር ቤቱም ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመለሰ። ድሉ ከሰውዬው ጋር መጥቶ ከሰውዬው ጋር ወጣ።

ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ1946 ኢንግሪድ በርግማን በዚያው ከተማ በሌላ አዳራሽ ልትሠራ መጣች። ጥቁሮች እንደማይገቡ ያወቀችው ውሉን ከፈረመች በኋላ ነው። በጋዜጠኞች ፊት ነገሩን በግልጽ አወገዘች፤ ግን ውል ይዟት ነበርና ሠራች። በዚያን ዘመን በዓለም ላይ ከርሷ ይልቅ የታወቀች ተዋናይት ጥቂት ነበረች፤ ያም ሆኖ ብቻዋን ነበረች። በ1947 ግን ጉዳዩን ማኅበሩ ያዘው። ከኦገስት 1948 ጀምሮ አባሎቹ ጥቁር ተመልካች በሚከለከልበት በዋሽንግተን ቴያትር ቤት እንዳይሠሩ ከባለቤቶቹ ጋር በተዋዋለው ውል ውስጥ አስገባ። ናሽናል ቴያትርም በሩን ለሁሉ ከመክፈት ይልቅ በ1948 ወደ ሲኒማ ቤትነት መለወጥን መረጠ። እንደ ገና ቴያትር ቤት ሆኖ የተከፈተው በ1952 ነው፤ ያን ጊዜም የቀለም ልዩነት ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞው ልማድ አልተመለሰም።

በነዚህ አራት ዓመታት ውስጥ በዋናው ከተማ ሊገኝ የሚችለውን ደመወዝ ያጡት ተዋንያን ስማቸው በታሪክ አልተጻፈም። ብዙዎቹ ነጮች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከወር ወር የሚደርሱ ድኾች ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለደንከን ብቻ ሸክም የሆነውን ነገር ተካፍለው ተሸከሙት። እኔ ጥቁር ሰው ነኝ፤ በዚያ ቴያትር ቤት ውስጥ ገብቼ በመካከለኛው ረድፍ ተቀምጬ ቴያትር አይቻለሁ። ቲኬቴን ከፍያለሁ፤ ወንበሩን ግን የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ለጓደኛዬ ይህን በነገርሁት ጊዜ ዝም አለ፤ ተስማማ ማለቴ ግን አይደለም።

ማኅበር ግን መልአክ አይደለም። የራሱንም አባላት ሊጫን ይችላል። በሎስ አንጀለስ ከ99 ወንበር የማይበልጡ ትንንሽ ቴያትር ቤቶች ብዙ ነበሩ፤ በነርሱ ውስጥ አባላቱ ለትንሽ ገንዘብ፣ ለሙያው ፍቅር ብለው እንዲሠሩ ማኅበሩ ለብዙ ዘመን ፈቅዶ ነበር። በ2015 ይህን ፈቃድ ሊያስቀርና ዝቅተኛው ደመወዝ እንዲከፈል ሊያደርግ በተነሣ ጊዜ በከተማው ያሉት አባላት አሳባቸውን ተጠየቁ፤ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ ያህል አንፈልግም አሉ። የማኅበሩ ሸንጎ ግን ድምፁ ምክር እንጂ ትእዛዝ አይደለም ብሎ የፈለገውን አደረገ። እኔ ሸንጎው ስለ ደመወዙ የተናገረው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የጠየቁትን ሰው መልሱን ሳይሰሙ መሄድ ግን አያስመሰግንም። ታዲያ ስለዚህ ልቅር? በቤቱ ጣራ ላይ ቀዳዳ አለ ብሎ በውጭ በዝናብ የሚቆም ሰው ምን ይባላል? ቀዳዳውንስ ከውጭ ሆኖ ይደፍነዋልን?

ይህን ሁሉ ካሰብሁ በኋላ የቀረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱን በአሳብ ማሸነፍ አልቻልሁም። በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ የቴያትር አዘጋጅ አሉ። በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራይተው የአማርኛ ቴያትር ያሳያሉ። ቲኬቱ የሚሸጠው በሐበሻ ምግብ ቤቶችና እንጀራ በሚሸጥባቸው ሱቆች ነው፤ የሚሰበሰበው ገንዘብ የአዳራሹን ኪራይ ከሸፈነ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ደመወዝ አይቀበልም። አሜሪካ በመጣሁ በሦስተኛው ወር፣ ቋንቋው አልገባ ብሎኝ፣ ሙያዬም የሞተ መስሎኝ ተስፋ በቈረጥሁ ጊዜ መድረክ ላይ መልሰው ያወጡኝ እርሳቸው ናቸው። አሁን ማኅበር ብገባ ያለ ፈቃድ በእርሳቸው መድረክ መውጣት አልችልም።

ሄጄ ነገርኋቸው። ቡና ቀርቦ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲህ እዚያ ዕድር ስትገባ ከዚህኛው ዕድር ልትወጣ ነው በለኛ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንደሱ አይበሉኝ፤ ይኸ እኮ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ግን...» ብዬ ቃል አጣሁ።

«የእኔ ግን ምንድን ነው?» አሉ። «እኔስ ግፈኛ ነኝ እንዴ? በነፃ አሠራሁህ፤ እኔም በነፃ ሠራሁ። ከኪሴ አወጣሁ። ያንተ ማኅበር በእኔና በዚያ ሰው በሰበረው ቴያትር ቤት መካከል ልዩነት ያያል?»

ይህ ጥያቄ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ደንብ የልብን ነገር አያይም፤ ደንብ የሚያየው ውል አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው። ደንቡ ጋሼን ከለየ ነገ የመጓጓዣ ገንዘብ የሚከፍለው ሰውዬም «እኔም ለፍቅር ነው የምሠራው» ይላል፤ ያን ሰው ከጋሼ የሚለየው ዳኛ ማን ነው? ኮኸንም ለፍቅር ነው የምሠራው ይል ነበር። ነገር ግን ጋሼ ኮኸን አይደሉም። ኮኸን ከተዋንያኑ ድካም ያተርፍ ነበር፤ እርሳቸው ከእኛ ጋር ይከስራሉ። በደቦ ሰው ሲያጭዱ ባለ እርሻው አብሮ ካጨደ፣ ጠላውንም አብሮ ከጠጣ፣ ያ ጌታና ሎሌ አይባልም። ይህን ለእርሳቸው ስነግራቸው ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ነገር ግን «እስቲ ይህን ለእነርሱ ንገራቸው» አሉኝ።

አስቀድሜ ለመጪው ቴያትራቸው ቃል ሰጥቻቸው ነበር። አዲስ ቃል ለመግባት ብሎ አሮጌውን ቃል ማፍረስ የማኅበርተኝነትን ሥራ በክህደት መጀመር መሰለኝ። ስለዚህ ቴያትራቸውን ሠርቼ እስክጨርስ ቅጹን በመሳቢያ ውስጥ አስቀመጥሁት። አራት ማታ አሳየን፤ በመጨረሻው ማታ አዳራሹ ሞልቶ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጭን ላይ ተቀመጡ። በማግሥቱ እሑድ ነበር፤ ቅጹን አውጥቼ በማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሞላሁና ፈረምሁ፤ የመጀመሪያውንም ክፍያ ላክሁ። ቁርጭምጭሚቱ ለተሰበረው ሰው ስልክ ደውዬ ነገርሁት። «ዘገየህ» አለኝ፤ ከዚያም ስለ ሦስተኛው ገቢር አነሣና ብዙ ተጫወትን።

ሁለተኛውን ወረቀት ለመጻፍ ግን ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ። በሚመጣው ዓመት በጋሼ መድረክ ላይ ያለ ደመወዝ እንድወጣ ፈቃድ የምጠይቅበት ደብዳቤ ነው። የአማርኛ ቴያትር ምን እንደ ሆነ፣ ተመልካቹ ማን እንደ ሆነ፣ ደቦ ማለትም ምን ማለት እንደ ሆነ በእንግሊዝኛ ለማስረዳት ደጋግሜ ጽፌ ደጋግሜ ቀደድሁ። በመጨረሻ ልኬዋለሁ። ጋሼም በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ይደውሉና፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ «ምን አሉህ?» ይሉኛል።